የምንዋጋው እጅና ያልታወቀችው ላም

ምንዋጋው ብራና ፋቂ ነው። አባቱም ብራና ፋቂ ነበሩ፤ አያቱም እንዲሁ። ቤቱ በዋግ፣ ደሃና ውስጥ፣ ከአምደወርቅ ገበያ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል፤ እንግዳ ሰው ቢጠይቅ «ቆዳ በእንጨት ተወጥሮ የቆመበት ግቢ» ይሉታል፣ አይሳሳትም። የፍየል ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ በአራት እንጨት መሐል ይወጥራል፣ ከውስጥ ሥጋውንና ስቡን፣ ከውጭ ጠጉሩን ይፍቃል፣ በድንጋይ ያለሰልሳል፣ ያደርቃል፤ በመጨረሻ ወደ ፀሐይ አንስቶ ያየዋል። ብርሃን እኩል ካለፈበት ብራና ነው። እዚህ ደመቅ እዚያ ጠቆር ካለ ግን «ገና ቆዳ ነህ!» ብሎ ይሰድበውና መልሶ ይወጥረዋል። ከቆዳ ጋር ማውራት ልማዱ ነው። ከሰው ጋርማ አይጠየቅም፤ ሚስቱ ይመኙሻል «የብራናውን ቀዳዳ እንደሚሰፋ አፉንም አንዳንዴ ቢሰፋልኝ» ትላለች።

ክፉ ሰው አይደለም፤ ግትር ነው። ግትርነቱም የሚብሰው በቆዳ ነገር ነው። አባቱ ሊሞቱ ሲሉ «ለመጽሐፍ የሚሆን ቆዳ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ካልታረደ ከግቢህ እንዳይገባ» ብለውት ነበር። በዋግም እንደሌላው አገር ክርስቲያኑ የክርስቲያን ቢላ ያረደውን፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ የተባለበትን ይበላል፤ በሠርጉም በኀዘኑም ለየብቻ ይታረዳል፣ ማንም በማንም አይቀየምም። ከሥጋው አልፎ ቆዳውን «በማን ስም ታረድክ?» ብሎ የሚመረምር ግን ከምንዋጋው በቀር አልታየም።

በዚህ ግትርነቱ ከሁሉ በላይ የሚስቀው ሰላሕ ነው። ሰላሕ የሰቆጣ ቆዳ ነጋዴ፣ የምንዋጋውም የልጅነት ጓደኛ ነው። ምንዋጋው ሲያገባ የራሱን ፍየል ጎትቶ ደሃና ድረስ መጥቶ፣ ለየብቻ አርዶ ከዘመዶቹ ጋር ከበላ በኋላ ከሙሽራው ወገን ሁሉ በላይ የጨፈረው እሱ ነበር። ምንዋጋው ሰቆጣ በወጣ ቁጥር መጋዘኑ ይገባል፣ ቆዳዎቹን አንድ በአንድ ይዳስሳል፣ ምራቁን ይውጣል።

«ይቺ የማን ናት?» ይላል።

«የፍየል ናት። እናቷም ፍየል ነበረች» ይላል ሰላሕ።

ምንዋጋው ይስቃል፣ ቆዳዋን ይመልሳል፣ ገበያ ወጥቶ ከነነፍሷ ፍየል ገዝቶ ይሄዳል። ሃያ ዓመት እንዲህ አለፈ። ሰላሕ «አንዲት ቆዳ ሳልሸጥለት ጓደኛዬ ሆኖ የቀረ ሰው» እያለ ያስተዋውቀዋል።

የእጁ ነገር የመጣው አንድ ዓመት በጥቅምት፣ ማር ሲቆርጥ ነው። ንቡን ለማጨስ የያዘው የሣር ችቦ ድንገት ነበልባል አንስቶ የናይለን ጃኬቱን እጅጌ ያዘው። ጃኬቱ ቀልጦ በቀኝ መዳፉ ላይ ተጣበቀ። ይመኙሻል ያንኑ ማር ቀብታ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ሁለት ወር አስታመመችው። ሐሰት አይነገርም፣ ማሩ ቁስሉን አድርቆታል። ግን መዳፉ ሲድን ተኮማተረ፣ ጣቶቹንም ስቦ ስቦ ወደ ውስጥ አጠፋቸው። ያልተወጠረ ቆዳ ሲደርቅ እንደሚሸበሸብ በደሃና ምድር ከምንዋጋው በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ የራሱን መዳፍ መወጠር ግን አላሰበውም።

በዚያን ጊዜ አባ ወልደ ሐዋርያት፣ የነፍስ አባቱ፣ ለደብራቸው ለሚጻፍ ትልቅ መጽሐፍ መቶ ሃያ ቅጠል ብራና አዘውት ነበር። ሰማንያው አልቋል። አርባው ሲቀር እጁ ተዘጋ። መፋቂያውን በግራው ሞከረ፤ ሁለት ቆዳ በሳ፣ ሦስተኛውን ሰነጠቀ፣ አራተኛውን ውኃ ውስጥ እንዳለ ተወው። እንጨቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ይባስ ብሎ ወሬውም ጠፋ። ምሽት ላይ ዝም ብሎ የታጠፈውን እጁን ሲያይ ይመኙሻል «አፉን ይሰፋልኝ» ያለችው ቆጫት። «ኧረ እባክህ አንድ ነገር አውራ» ትለዋለች። «ምን ላውራ» ይላል።

ሁለት ዓመት እንዲህ ከቆየ በኋላ ነው ሰላሕ የደወለው። «ዛሬውኑ ሚኒባስ ተሳፈር! ሐኪሞች መጥተዋል። የተቃጠለ እጅ ይዘረጋሉ አሉ።»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።»

«አንተ ዶሮ አይደለህም፤ ና!»

ምንዋጋውንና ሰላሕን ሰቆጣ ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ዶክተር ዘመናይ የምትባል የዚያው የሰቆጣ ልጅ ናት። ለአንድ ሳምንት ከመጡት ቀዶ ሐኪሞች ጋር የምትሠራ እሷ ነበረች። እጁን አገላብጣ አየች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ለመዘርጋት ሞከረች።

«ጋሼ፣ ይኼን የተኮማተረ ጠባሳ ቆርጠን ብናነሳው ጣቶችዎ ይዘረጋሉ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ጠባሳው ሲነሳ ጅማቱ ራቁቱን ይቀራል። በራቁት ጅማት ላይ ከጭንዎ ቆዳ ወስደን ብንለጥፍ አይዝም። ሥር የሚሰድበት መሬት የለውም።»

«ታዲያ?»

«መሬቱን ቀድመን እንሠራለን» አለችና ከመሳቢያ አንዲት ቁራጭ አወጣች። ነጭ፣ ስስ፣ ስትነካ ለስለስ ያለች። «ይቺ ለማሳያ የተቀመጠች ናት፤ ይንኳት።»

ምንዋጋው በግራ እጁ ተቀበላት። በአውራ ጣቱ አሻት። ከወንበሩ ተነሳ። ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ወደ ብርሃኑ አነሳት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላደረገው ነገር ነው። ከዚያ ዞሮ ክፍሉን ሁሉ በሚያስደነግጥ ድምፅ «ይኼ ቆዳ ነው!» አለ።

ዶክተሯ ሳቀች። «ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል! ሠላሳ ዓመት ፍቄ!»

«ልክ ነዎት። ከላም ቆዳ የተሠራ ነው። ጠጉሩ፣ ስቡ፣ የላሟ ሥጋ ሁሉ ይወጣል...»

«ትፍቁታላችሁ!»

«በቢላ ሳይሆን በመድኃኒት። የሚቀረው...»

«ገመዱ ነው! ቆዳን ቆዳ የሚያሰኘው፣ ስትወጥሪው የሚይዝልሽ፣ ያ የተጠላለፈው ገመድ!»

«እሱ ነው። ኮላጅን ይባላል።»

ሠላሳ ዓመት በእጁ ሲያገላብጠው የኖረው ነገር ስም እንዳለው ምንዋጋው ያን ቀን ሰማ። «ኮላጅን፣ ኮላጅን» እያለ ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ደስታው ፊቱን አበራው፤ የልጁ ሠርግ ቀን እንኳ እንዲህ አልሆነም። ግን ብራና ፋቂ ነውና እንከን መፈለጉን አልተወም። «እኔ ቀዳዳ ስሰፋ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። እናንተ ምነው ወንፊት አደረጋችሁት?»

«ቀዳዳውማ ዋናው ነገር ነው» አለች ዶክተር ዘመናይ፤ እሷም ነገሩ ጥሟት ወንበሯን አቀረበች። «እዚህ ሰቆጣ ፎቅ ሲሠራ ግንበኞቹ የባሕር ዛፍ እንጨት ይረበርቡ የለ? ይቺ እንደዚያ መወጣጫ ናት። መዳፍዎ ላይ እንዘረጋታለን። የራስዎ ሥጋ በቀዳዳው እየገባ፣ ገመዱን እየያዘ ይወጣል። ደም ሥር ይከተለዋል። በሦስት ሳምንት መሬቱ ይያዛል፤ ያኔ ከጭንዎ ስስ ቆዳ ወስደን ከላይ እናለብሰዋለን።»

«የላሟስ?»

«ግንቡ ሲቆም መወጣጫው ይፈርሳል። በወራት ውስጥ የላሟ ቀስ እያለ ያልቃል፤ የሚቀረው የእርስዎ ብቻ ነው።»

«ወይ ጉድ!» አለ ምንዋጋው። «ወይ ጉድ፣ ሰላሕ ትሰማለህ?» ሰላሕ ይሰማል፤ እሱም አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማው። ሁለቱ ሰዎች ያቺን ቁራጭ እየተቀባበሉ ቆሙ፤ አንዱ ለስላሳነቷን፣ አንዱ ጥራቷን እያደነቁ፣ ሐኪሟን ረስተው፣ ገበያ መሐል ያሉ ይመስል ሲከራከሩ ነርሷ በሩን ከፍታ «ሰላም ነው?» አለች።

ነገሩ እዚህ ላይ አልቆ ቢሆን ጥሩ ነበር። ምንዋጋው ግን ምንዋጋው ነው። ቁራጯን ሊመልስ እጁን ዘርግቶ ቆም አለ።

«ልጄ፣ ላሟን ማን ነው ያረዳት?»

ዶክተሯ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቱን ስታይ ሳቋን ዋጠች። የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ጥያቄው ገባት። «አላውቅም፣ ጋሼ» አለች። «ከውጭ አገር ነው የመጣው። ማን እንዳረዳት፣ በማን ስም እንደታረደች የሚያውቅ እዚህ የለም።»

ብትዋሽለት ኖሮ በቀላሉ ያምናት ነበር። አልዋሸችም። ይልቅ ቁርጡን ነገረችው፦ ከእንግዶቹ ሐኪሞች ጋር የመጡት ቁራጮች ስድስት ብቻ ናቸው፣ አንዷ በስሙ ተይዛለች፣ ቀዶ ሕክምናው ሐሙስ ነው። እስከ ነገ ቀትር ካልመጣ ለቀጣዩ ተረኛ ትሰጣለች።

ወጡ። በባጃጅ ወደ ሰላሕ መጋዘን ሄዱ። መጋዘኑ ሲደርሱ ሰላሕ ቁጣው ገነፈለ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል እስቅ ነበር። አንተ ግን ላሟ ከሰማይ መጥታ እጅህ ላይ ልታርፍ ስትል ታሪኳን ትጠይቃለህ!»

«የአባቴ ቃል ነው።»

«አባትህ ለመጽሐፍ ነው ያሉት!»

«ይኼ እጅ መጽሐፍ የሚፍቅ አይደለም እንዴ?» አለ ምንዋጋው። «ሰላሕ፣ ሁለት ዓመት ሞቼ ነው የከረምኩት። እጄን እፈልጋታለሁ። ግን አባቴ የከለከለኝን እጄ ውስጥ ሰፍቼ፣ በዚያች እጅ የቤተ ክርስቲያን ብራና ልፍቅ?»

ሰላሕ ስልኩን አወጣና አባ ወልደ ሐዋርያት ዘንድ ደውሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆዳ ክምር ላይ አስቀመጠው። ምንዋጋው ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከላቸው፤ ገመዱን፣ ወንፊቱን፣ መወጣጫውን፣ ያልታወቀችውን ላም። አባ አዳመጡ። ረዥም ሰው ናቸው፣ ንግግራቸውም ረዥም ነው፤ ያን ቀን ግን አሳጠሩት።

«የደብራችንን ትልቁን ከበሮ ማን ነው በቆዳ የለጎመው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ። ያኔ እጄ ደኅና ሳለ።»

«ቆዳውን ማን ሰጠህ?»

«እርስዎ።»

«እኔስ ከየት አመጣሁት?»

ምንዋጋው ቀና ሲል ሰላሕ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ከአቶ ሰላሕ መጋዘን ነው» አሉ አባ። «በዓል ደርሶ ከበሮው ተቀዶብኝ፣ ተጣድፌ ገዛሁ። በማን ስም እንደታረደ እኔም አልጠየቅኩ፣ አንተም አልጠየቅከኝ። ስምንት ዓመት ተመትቷል፤ ስምንት ዓመት እኔም ሕዝቡም አጨብጭበንበታል።»

«የዐረፋ በሬ ነበር» አለ ሰላሕ በቀስታ። «እኔው ነኝ ያረድኩት። ለከበሮ እንደሆነ ሳውቅ ልናገር አስቤ፣ በዓላችሁን ላበላሽ ነው ብዬ ተውኩት።»

ምንዋጋው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ «አባ፣ ያባቴ ቃል ለመጽሐፍ ነበር፤ ለከበሮ አልተባለም» አለ።

«ጥሩ። እንግዲያው እጅህ መጽሐፍ ናት ወይስ ከበሮ?»

ምንዋጋው የታጠፈች እጁን አገላብጦ አየ።

«ከበሮ ትሁንልኝ፣ አባ!»

«እግዚአብሔር ይማርህ፤ ሂድና ይለጉሙልህ» አሉና ስልኩን ዘጉት። ሰላሕ ቆዳው ላይ ተንከባለለ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቁ ልቅሶ ሆነ፤ ምንዋጋውም አብሮት አለቀሰ።

ሐሙስ ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ጣቶቹ ተዘረጉ፣ ያልታወቀችው ላም መዳፉ ላይ ተዘረጋች፣ ከላይዋ ስስ መሸፈኛ ለበሰች፣ በፋሻ ታሰረች። ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችው ይመኙሻል፤ ሰቆጣ ካለች እህቷ ቤት አብራው ሰንብታለች። ወሬው ተመልሶለት ነበርና ጆሮዋን ያዘች። ለመጣው ጠያቂ ሁሉ ስለ ኮላጅን ያስረዳል፤ የእህቷ ጎረቤቶች ስለ ላም ቆዳ ከሐኪም ቤቱ ሠራተኞች በላይ ዐወቁ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆነ። ምንዋጋው ብራናውን በየቀኑ የሚያይ ሰው ነው። ይመኙሻል ገበያ ስትወጣ ፋሻውን ከትንሿ ጣት በኩል ፈታ አድርጎ እጁን ፀሐይ ላይ አሰጣ። ቆዳ ፀሐይ ካላየ ይበሰብሳል ብሎ ነው። ዶክተር ዘመናይ በማግሥቱ ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ። «ጋሼ! ይኼ እንዲደርቅ አይደለም፣ እንዲኖር ነው! ብራና የሞተ ቆዳ ነው፤ ይቺ ግን እየበቀለች ያለች ናት!» በትንሿ ጣት ሥር ያለው ጠርዝ ደርቆ ተነስቷል። ቆርጣ ጣለችው። ሌላ የለም። የቀረው ከተበላሸ ጣቶቹ መልሰው እንደሚታጠፉ ሳትሸሽግ ነገረችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስምንት ቀን ምንዋጋው እጁን ትራስ ላይ አስቀምጦ እንደ ታቦት ጠበቃት። ምግብ ይመኙሻል አጎረሰችው። በሃያ አንደኛው ቀን መሸፈኛው ሲነሳ ዶክተሯ ጎንበስ ብላ አየች፣ በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች። ነጩ ነገር የለም። መዳፉ ቀላ ብሎ፣ ሞልቶ፣ በተጫነች ቁጥር ነጣ ብሎ መልሶ ይቀላል። «ደም ገብቶበታል» አለች። «ይዟል፣ ጋሼ! ይዟል!» እሷም እንደ ልጅ እየዘለለች ነው። ከጭኑ ስስ ቆዳ ተወስዶ ተለበጠ፤ ጣቶቹም ተዘርግተው በጠንካራ ሰሌዳ ታሰሩ።

ሌላው በሽተኛ ሰሌዳውን ይጠላዋል፣ ያሳክካል፣ ከበደኝ ይላል። ምንዋጋው ግን «ወጥሩኝ! አጥብቃችሁ ወጥሩኝ!» አለ። ያለ ሰሌዳው የሚውል ቆዳ ምን እንደሚሆን አንዴ በገዛ እጁ አይቷል። ወራት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ታስሮ ተኛ፤ ቀን ቀን ዶክተሯ እንዳሳየችው ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ አጠፈ፣ ዘረጋ።

የመጨረሻው ምርመራ ቀን ዶክተር ዘመናይ እስክርቢቶ አቀበለችውና «ይጨብጡልኝ» አለች። ምንዋጋው እስክርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከከረጢቱ መፋቂያውን አወጣ። ጠረኑ ገና ቆዳ ቆዳ ይላል። እጀታውን መዳፉ ላይ አጋደመ። አውራ ጣቱ መጣ፣ ሌባ ጣቱ መጣ፣ መሐሉና ቀለበቱ ተከተሉ፤ እጀታው ላይ ገጠሙ። ትንሿ ጣት ብቻ የፀሐዩን ቀን እያስታወሰች ቀጥ ብላ ቀረች። ምንዋጋው መፋቂያውን ወደ ላይ አንስቶ «ያዝኩት! ይመኙሻል፣ ያዝኩት!» ብሎ ጮኸ። ይመኙሻል እልልታዋን ስታቀልጠው ከተኛው በሽተኛ መሐል «ወለደች?» ያለም ነበር።

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ሰላሕ መጋዘን ሄዱ። ምንዋጋው እንደ ድሮው ቆዳዎቹን አንድ በአንድ መዳሰስ ጀመረ፤ ይኼን ጊዜ በአዲሱ መዳፉ። ገና ሙሉ ስሜት የለውም፤ ግን ለስላሳውን ከሻካራው ይለያል። አንዲት የፍየል ቆዳ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ቢላ ያልነካካት፣ መዥገር ያልበሳት፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነች ቆዳ ናት። አወጣትና ወደ በሩ ብርሃን አነሳት።

ሰላሕ ፈጥኖ «እሷን ተዋት» አለው። «የኛ ናት፤ ትናንት እኔው ነኝ ያረድኳት። ዛሬ ለአንተ ብዬ የናንተን ለይቼ ከታች አስቀምጫለሁ፣ ቆይ ላውጣልህ።»

«ዐውቄያለሁ። ለመጽሐፉ ናት።»

«አባትህ ያሉትስ?»

ምንዋጋው ቆዳዋን አላወረደም። «አባቴ ባልታወቀች ላም የዳነ እጅ አልነበረውም» አለ።

በሃያ ዓመት ውስጥ ሰላሕ ቀልድ ያጣበት ቀን ይኼ ብቻ ነው። ቆዳዋን አጣጥፎ፣ በገመድ ሁለት ዙር አስሮ አቀበለው። ምንዋጋው ገመዱን በቀኝ እጁ ጨብጦ፣ ትንሿን ጣት ወደ ውጭ ቀስሮ፣ ከይመኙሻል ጋር እያወራ ወደ አምደወርቅ ሚኒባስ ሄደ።